በቤቱ ውስጥ የሌለው ክፍል

አናጢው የመጣው የጠረጴዛ እግር ሊጠግን ነበር።

ልጅቷ በሙያ ማሠልጠኛው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ስምንት ወር ደክማለች። የምትሠራው፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው በጥቂት ቃላት ቅርጽ የሚያወጣበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። «ሳጥን» ብሎ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን የጻፈ ሰው፣ ስክሪኑ ላይ በየአቅጣጫው የሚዞር ሳጥን ያገኛል። «ኳስ» ካለ ኳስ ይመጣለታል። የሥራ ባልደረቦቿ «ቋንቋዬ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል።

«ኮምፒውተር ነክተህ ታውቃለህ?» አለችው፣ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ሳለ።

«አቧራውን ጠርጌለት አውቃለሁ።»

«እንግዲያው የምፈልገው አንተን ነው።»

ቀና ሲል ግንባሩ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ዓይኖቻቸው ለመለያየት ትንሽ ዘገዩ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ስክሪኑ ላይ በርጩማ ሠራ። አንዱን ቅርጽ በሌላው ለመቦርቦር እሷ «ልዩነት» የሚል ቃል አበጅታ ነበር።

«ይኼ የመጽሐፍ ቃል ነው» አለ አናጢው። «እኛ እንጨት ስንፈለፍል ‹ቀንስ› ነው የምንለው።»

ቃሉን ያኔውኑ ለወጠችው። አሮጌ ላፕቶፕ አዋሰችው፤ ቤቱ ሆኖ የሚሠራው ሁሉ በኢንተርኔት እሷ ኮምፒውተር ላይ ይደርሳል። እሱም ሰበብ አላጣም፤ አራት እግር ላለው ጠረጴዛ ሰባት ጊዜ ተመላለሰ።

በሰባተኛው ቀን፣ ዓይኑን ከመዶሻው ሳያነሳ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። አሥራ አንድ ዓመት። ሐኪሞቹ ጉሮሮዋ ደህና ነው ይላሉ። እሷን ትቼ አልወጣም፤ እዚያ ቤት ደግሞ የሰው ልጅ አላስገባም።»

«ጠየቅኩህ እንዴ?»

«አልጠየቅሽኝም። እኔ ግን ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር።»

መዶሻውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። ያኔ ኮምፒውተሯ ጢን አለ። አዲስ ቅርጽ መጥቷል፤ የመጣውም ከእሱ ላፕቶፕ ነው።

«ቤት ማን አለ?»

«እናቴ ብቻ። ማታ ስሠራ ከኋላዬ ቆማ ታያለች እንጂ፣ እሷ ሬዲዮ እንኳ ከፍታ አታውቅም።»

ስክሪኑ ላይ ጣሪያ የሌለው ቤት ቀስ ብሎ ይዞራል። አናጢው በጣቱ ተከተለው። «ይኼ ሳሎናችን ነው። ይኼ የኔ መኝታ ቤት። ይኼ የእሷ…» ጣቱ ቆመ። ከመተላለፊያው መጨረሻ በር የሌላት ጠባብ ክፍል አለች።

«ይህች ክፍል» አለ ድምፁ ሰልሎ፣ «እኛ ቤት የለችም።»

በማግስቱ፣ ልክ በቀትር፣ ያው ቤት ተመልሶ መጣ። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ትንሽ አልጋ ተጨምሯል።

«ማታ እናቴን ጠይቄያት ነበር» አለ። «እጆቿን ብቻ አየች። ላፕቶፑም እንዳስቀመጥኩት ነው፤ ክዳኑ እንኳ ንቅንቅ አላለም።»

በሦስተኛው ቀን አልጋው ላይ አንዲት ኳስና አንድ ቀጭን ሳጥን ነበሩ። ልጅቷ ቅርጹን አዙራ ከላይ አየችው። ሰው ነው። በጀርባው የተኛ ሕፃን። ቦርሳዋን አነሳች።

«አብሬህ እመጣለሁ።»

«ትፈሪያለሽ።»

«እፈራለሁ። እመጣለሁም።»

ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው፤ የቤቱ ውስጥ ግን እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል። እናትየው ጀርባቸውን ሰጥተው በአንድ ጣት ይጽፋሉ። ቃል ሲሳሳቱ ስክሪኑ፣ ልጅቷ በገዛ እጇ ለጀማሪዎች የጻፈችውን መለሰላቸው፦ «አልገባኝም። ቀስ ብለው ይንገሩኝ፤ እሰማለሁ።» ለአሥራ አንድ ዓመት ሰው ሁሉ «ተናገሪ!» ሲላቸው ኖሯል፤ «ቀስ ብለሽ» ያላቸው ግን አልነበረም።

እናትየው ፊደል በፊደል ለቀሙ፦ ቀንስ። ግድግዳ።

ስክሪኑ ላይ የመተላለፊያው መጨረሻ ግድግዳ ጠፋ። ያኔ ዞረው ልጃቸውን አዩት።

አናጢው መተላለፊያው መጨረሻ ላይ የቆመውን ቁም ሳጥን ገፋ፤ ግድግዳውን ሲያንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ። በመዶሻ አፈረሰው። ከጡቡ ወዲያ መስኮቷ የተደፈነ ክፍል አለች። ወለሉን ጣት የሚያክል አቧራ ሸፍኖታል። የትንሿ አልጋ አንሶላ ላይ ግን ብናኝ እንኳ የለም፤ ትራሱም አሁን ጭንቅላት እንደተነሳበት ጎድጉዷል።

«እህትህ ናት» አለ አንድ ሻካራ ድምፅ ከኋላቸው።

የአናጢው መዶሻ ከእጁ ወደቀ።

«አንተ ሳትወለድ፣ በአራት ዓመቷ ሞተችብን። አባትህ አልቻለም፤ ክፍሏን በጡብ ዘጋው፤ ስሟን ላልጠራ፣ ነገሯን ላላነሳ አስማለኝ። እሱ ሲሞት የሚያውቃት እኔ ብቻ ቀረሁ። አፌን ብከፍት መጀመሪያ የሚወጣው ስሟ ነበር። ስለዚህ ዘጋሁት።» ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ይህን ነገር የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እጅሽ ይባረክ። የማልኩት በአፌ ነው እንጂ በጣቴ አይደለም። ግድግዳው ሲፈርስ ደግሞ መሐላውም ፈረሰ።» እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «አሁን የውጭውን በር ክፈቱና ገለል በሉ። መንገድ አትዝጉባት።»

በሩን ከፍተው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ። የአናጢው እጅ የልጅቷን እጅ ፈልጎ ያዘ። ነፋስ የለም፤ የግቢው ዛፍ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ነገር ግን በልጅቷ ጉልበት አጠገብ አንድ ቀዝቃዛ ነገር መጣ። የቀሚሷን ጫፍ ለአፍታ ያዝ አድርጎ ለቀቀና አለፈ። ደጃፉ ላይ የተኛው ውሻ ተነስቶ መንገድ ለቀቀ፤ አንድ ነገር በዓይኑ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሸኘ።

«በል ዝጋው፤ አቧራ ይገባል» አሉ እናትየው። ከዚያ የተያያዙትን እጆች አዩ። «የእናንተን ሠርግ ለማየት ደግሞ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ልጠብቅ?»

አናጢው መሳቅም ማልቀስም አማረው። ልጅቷ ናት የመለሰችው፤ «ኧረ እማማ፣ ሁለት ወር ይበቃናል።»

እንዳለችውም በሁለት ወር ተጋቡ። ባሏ የጠባቧን ክፍል መስኮት ከፈተላት፤ እሷም የሥራ ክፍሏ አደረገቻት። ሰው «እዚያ ብቻሽን ስትውይ አትፈሪም?» ሲላት ትስቃለች።

«የባሌ ታላቅ እህት አይታኝ፣ ወዳኝ ነው ያለፈችው» ትላለች። «ምን ያስፈራኛል?»