የይሻው ቢጫ

የመጋዘን ዘበኛው ይሻው ገብሱ መሀል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ፤ መጥረጊያው ከደረቱ ሥር፣ ስልኩ በእጁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የነቀዝ መድኃኒቱ ጋዝ ገና አልወጣም ነበር።

የገበሬዎች ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ሀብታሙ ግን ሬሳው ሳይነሣ ፈርዶ ጨርሷል። «ሊሰርቅ ገብቶ ነው» አለ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማው። ሙት ወቃሽ ይሉሃል ይሄ ነው።

ኢንስፔክተር ፈንታነሽ ደሟ ፈላ። እሷም የጉና ተራራ ሥር፣ የገሳይ ገበሬ ልጅ ናት፤ ሌባ የተባለ ሰው ስሙ ከልጅ ልጁ እንደማይላቀቅ ታውቃለች። የሟች ሚስት ማሬም «ባሌን መልሱልኝ አልልም፤ ስሙን መልሱልኝ» ብላታለች።

መጀመሪያ መድኃኒቱን ያስቀመጠውን ፈይሰልን ጠየቀችው።

«ግባ ያልከው አንተ ነህ?»

«ወላሂ አላልኩም። እኔ በመለኪያዬ እንጂ በስልክ አልሠራም። ‹መኪና ይመጣል፤ ስልክህ ላይ የተጫነው አፕ ግባ ሲልህ ጥረግ› ሲሉት የሰማሁት ሥራ አስኪያጁን ነው።»

አፑን የሠራችው ሠናይት ደግሞ አስረዳች። «መሣሪያው ጋዙን ለክቶ ለስልኩ ቀለም ይልካል። ቀይ አትግባ፣ ቢጫ ገና ነው ጠብቅ፣ አረንጓዴ ግባ። እንደ ትራፊክ መብራት ነው፤ ማን ይሳሳተዋል?»

«ጉና ላይ የትራፊክ መብራት አይተሻል?»

«ሠራተኞቹን ስናስሞክራቸው ግን አቶ ሀብታሙ ባሉበት ሁሉም ‹ጥሩ ነው› አሉን።»

«አለቃው ፊት ማን ክፉ ነው ይላል፣ እህቴ?»

ሀብታሙ ወንበሩን እንኳ አልለቀቀም። «አፑ ምንም ችግር የለበትም፤ ሕፃን ይሠራበታል። ስልክ ማሳ አይደለም፤ ስንቴ ይነገረው!»

ፈንታነሽ ቃሉን እንዳለ ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ወጣች።

ቀብሩ ሊወጣ ሲል ሁሉንም መጋዘኑ ደጅ ሰበሰበቻቸው።

«ሌባ በሩን ወለል አድርጎ፣ መጥረጊያ ይዞ አይሰርቅም። ይሻው የታዘዘውን ሊሠራ ነው የገባው። ስልኩ ላይ የነበረው ቢጫ ነው። እትዬ ማሬ፣ ገብስ ቢጫ ሲሆን ምን ይደረጋል?»

«ይታጨዳል እንጂ። አረንጓዴውማ ገና ነው።»

ሠናይት አፏን በእጇ ያዘች።

«ይሻውም እንደዚያው አየው፤ ቢጫው ደርሷል፣ ግባ ያለው መሰለው። ይህን ስሕተት ግን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበር። አቶ ሀብታሙ፣ እኔ ስለ ማሳ ሳላነሣ ‹ስልክ ማሳ አይደለም› አሉኝ። ማሳውን ማን ነገረዎት?»

«ራሱ ይሻው ነው። በሙከራው ማግስት ‹ቀለሙ ግራ ያጋባል፤ ቢጫ ለእኛ የበሰለ ነው› አለኝ። አፑን ሊያዩ የመጡት እንግዶች አድንቀው ሄደዋል፤ በአንድ ዘበኛ ቃል ልዋረድ? ማሳ አይደለም ብዬ አባረርኩት።»

«ነግሮዎት ሳለ ጋዝ ውስጥ ላኩት። ሲሞት ደግሞ ሌባ አሉት። ጣቢያ እንሄዳለን» አለች ፈንታነሽ።

ማሬ ተነሣች። እስከ ዛሬ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው አተኩራ አየችው። «አስቀድመህ ለቀስተኛው ፊት ቁምና ተናገር።»

«ይሻው… ሌባ አልነበረም» አለ ሀብታሙ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ጎላ አድርገው» አለችው። «ሌባ ስትለው ደብረ ታቦር ሁሉ ሰምቶሃል።»