አሥራ ዘጠኝ አንድ ዓይና

የምትኩ የቀኝ እጅ ሦስት ጣቶች በዘነዘና ተሰበሩ። የሰበረውን ሰው ዘሊኻ በቢላ ወጋችው። ሰውየው አልሞተም።

ለዚህ ሁሉ ያበቃቸው ዓይን ነው።

ዘሊኻ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ዮርዳኖስ፣ አማን የገባችው ለሰው ቤት ሥራ ነበር። አሠሪዋ መዳም ስትቆጣ እጇ ላይ ያለውን ነው የምትወረውረው፤ ማንኪያም ይሁን ካውያ። አንድ ቀን ካውያው ግሎ ነበር፤ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ተወ። በማግሥቱ ዘሊኻ ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ በአንሶላ ወርዳ ጠፋች። ከዚያ ወዲያ ጀበል አል-ሁሴን ሰፈር፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከአገሯ ልጅ ከፈርዶሳ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ በሰዓት እየተቀጠረች የሰው ቤት ታጸዳለች።

ከምታጸዳቸው ቤቶች አንዱ የኒዳል ነው። ኒዳል የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ መደርደሪያው ሙሉ አሻንጉሊት። የሕፃን መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ከአውራ ጣት የማይበልጡ ተዋጊዎች ናቸው፤ ባለ መጥረቢያ፣ ባለ ክንፍ፣ የከርከሮ ጥርስ ያላቸው ጭራቆች። ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየወረወሩ ያዋጓቸዋል። ኒዳል ደግሞ ቀለም እየቀባ ለሀብታሞች ይሸጣል።

ዘሊኻ አቧራ ስትወለውል የአንዱን ጭራቅ አንገት ቀነጠሰችው። ኒዳል ከመምጣቱ በፊት በማጣበቂያ መለሰችና፣ ስፌቱ እንዳይታይ የሰይፍ ቁስል ቀባችበት።

ኒዳል አጉሊ መነጽሩን አድርጎ አየ። ቁስሉ መሃሉ ጥቁር ቡና ዓይነት ነው። ዳሩ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ጫፉ ቢጫ።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«መዳም» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥረጊያውን አስቀምጣ ብሩሽ ያዘች። ኮሮና ገብቶ የጽዳት ሥራ ሲቀር ይሄ አልቀረም። ኒዳል ተስሪህ አለው፤ ሰዓት እላፊ ሲሆን መኪና የሚያስነዳው የፈቃድ ወረቀት። የአሻንጉሊቶቹን ሳጥን ራሱ እያመጣ፣ ያለቀውን ይወስዳል።

አንድ ነገር ብቻ አትነካም። ዓይን። ዓይን የሌለው አሻንጉሊት ፕላስቲክ ነው፤ ዓይን ካገኘ ግን ነፍስ ያለው ነገር መሳል ነው። የቂያማ ቀን «በይ ነፍስ ዝሪበት» ትባያለሽ ብላታለች እናቷ። ስለዚህ ዓይኑን ኒዳል ራሱ ይስላል። ሁሉንም ሸውራራ ያደርጋቸዋል።

---

ከምትኩ ጋር የተገናኙት በሳይረን ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳይረኑ ይጮሃል፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ይታፈሳል። ዘሊኻ ዳቦና ሁለት ቆርቆሮ ፉል ገዝታ ስትመለስ ጮኸ። ሮጠች። የፖሊስ መኪና መታጠፊያው ላይ ብቅ ሲል አንድ እጅ ከጨለማ ደረጃ ወጥቶ ክንዷን ጨብጦ ወደ ውስጥ ጎተታት።

አላሰበችም። የፉሉን ከረጢት አዙራ ፊቱ ላይ አሳረፈችው። የሆነ ነገር ቀጭ አለ።

«ኧረ በማርያም! ላድንሽ እኮ ነው!»

«አማርኛ ትችላለህ?»

«ሳትመቺኝ በፊት በደንብ እችል ነበር።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ነጩ ማስኩ ቀላ። ደሙ ከአፍንጫው ሥር ተነስቶ በጨርቁ ክር እየተሳበ ሲሰራጭ ዘሊኻ ጎንበስ ብላ አየች። ዳሩ ፈዛዛ፣ መሃሉ ደማቅ። ለጭራቆቹ ካባ ሳምንቱን ሙሉ የፈለገችው ቀለም ይሄ ነው።

«ማስክህን ስጠኝ» አለች።

«ምን?»

«ማስክህን። ሲደርቅ ምን እንደሚመስል ላየው ነው።»

ሰውየው ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ማስኩን አውልቆ ሰጣት።

ፈርዶሳ በጣቷ ጫፍ የተያዘውን ማስክ ስታይ ከአልጋዋ ዘላ ወረደች። «የሰው ማስክ! በኮሮና! በደሙ! አንቺ ልጅ፣ መዳም ጭንቅላትሽን ነው የመታችሽ?»

በማግሥቱ ሰውየው በሩን አንኳኳ። አፍንጫው ቲማቲም አክሏል። ከላይ ሰገነቱ ላይ ነው የሚኖረው፤ ሳሃብ ከተማ የሚሠራበት ፋብሪካ ተዘግቶበት።

«ምትኩ እባላለሁ። ማስኬን ልወስድ ነው» አለ።

«አልደረቀም።»

«እጠብቃለሁ» ብሎ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

---

የተደረደሩትን ጭራቆች ሲያይ ደፉን ትቶ ገባ። አንዱን አነሳ።

«ለምን ዕውር አደረግሻቸው?»

ነገረችው። አልሳቀም። ዘሊኻ የወደደችው እዚያ ላይ ነው፤ አለመሳቁ ላይ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር፤ ለሚስቅ ደግሞ ሁለተኛው የፉል ቆርቆሮ አለ።

«አጎቴ ቤተክርስቲያን ይስል ነበር» አለ። «ደብረ ታቦር። እኔ ልጅ ሆኜ ቀለም እበጠብጥለት ነበር። በኋላ ዓይኖቹን ለእኔ ተወልኝ፤ የእሱ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ።»

እንዲህ ሆኖ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። እሷ ካባውን፣ ብረቱን፣ ደሙን። እሱ ዓይኑን። ኒዳልም ሸውራራ ስላልሆኑ ማን እንደሳላቸው አልጠየቀም። ዓይን ሲሳል ትንፋሽ ይያዛል፤ የብሩሹ ጫፍ ከቅንድብ ፀጉር ይቀጥናል። ምትኩ ትንፋሹን ሲይዝ እሷም ሳታውቀው ትይዛለች። ነጥቡ አርፎ ሲተነፍስ አብራው ትተነፍሳለች። ከዚያ ሁለቱም ሌላ ሌላ ቦታ ያያሉ።

«ሁለታችሁም ትሞታላችሁ» ትላለች ፈርዶሳ ከአልጋዋ። «በኮሮና አይደለም። ትንፋሽ አጥታችሁ።»

ማታ ለብቻቸው ሲሆኑ ግን አትቀልድም።

«ክርስቲያን ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እናትሽ ብትሰማ?»

«እናቴ አማን የለችም።»

«አላህ አማን አለ» አለች ፈርዶሳና ፊቷን አዞረች።

ዘሊኻ ተነሳች። ብሩሽ አጠበች።

---

በሚያዝያ ኒዳል ትልቁን ሥራ አመጣ። አሥራ ዘጠኝ ጭራቆችና እነሱን የምትወጋ አንዲት ሴት፤ ጦር ይዛ፣ እግሯ ሥር የተቆረጠ ራስ። ቅዳሜ በፖስታ መሄድ አለባቸው።

ምትኩ ጨርሶ ሲያሰልፋቸው ዘሊኻ ቆጠረች። አሥራ ዘጠኙም አንድ አንድ ዓይን። ሌላኛው ጎድጓዳ ባዶ ነው።

«ሌላኛውስ ዓይን?»

«የለም። ክፉ ሰው በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው። አይሁዶችን፣ ሰይጣንን፣ ጨካኝ ንጉሥን፣ ሁሉንም አጎቴ በጎን ነበር የሚስላቸው። ደግ ሰው ብቻ ነው ፊት ለፊት የሚያይሽ።»

«ኒዳል ይገድልሃል።»

«ክፉን በሁለት ዓይን አልስልም፣ ዘሊኻ። አንቺ ጭራሽ አትስይ፤ እኔ እንዲህ ነው የምስለው።»

ሴትየዋን አነሳች። ሁለት ዓይን አላት። ቀጥ ብላ ነው የምታየው። ግንባሯ ላይ ትንሽ የካውያ ጠባሳ አለ፤ ዘሊኻ አልቀባችውም።

«ይቺስ?»

ምትኩ ብሩሹን ውሃ ውስጥ አማሰለ። ውሃው ጠቆረ። ማማሰሉን አላቆመም።

«እሷ ፊት ለፊት የምትታይ ናት» አለ።

ፈርዶሳ አልጋዋ ላይ ተገላበጠች። ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ሳበችው።

---

ኒዳል የመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ክዳኑን ከፍቶ የስልኩን መብራት አበራ። አንዱን አየ። ሁለተኛውን። ዘጠነኛው ላይ ፊቱ ተለወጠ።

«ዓይናቸው የታለ?» በዓረብኛ ነው የሚጮኸው። «ትጫወቱብኛላችሁ?»

«ክፉዎች ናቸው» አለ ምትኩ። ዓረብኛው የፋብሪካ ዓረብኛ ነው። «ክፉ፣ አንድ ዓይን።»

«ይሄን ማነው የሳለው? አንተ ነህ? አሁን ትስለዋለህ!»

«አልስልም።»

ኒዳል ሴትየዋን አነሳ። «ለይቺ ግን ሁለት ዓይን ተገኘ!» ጠረጴዛው ላይ ወረወራት፤ ተንከባለለች። በርበሬ የሚወቀጥበት ዘነዘና እዚያው ነበር። አነሳው። ሴትየዋን ሊቀጠቅጥ ነው። ምትኩ በእጁ ሸፈናት።

ድምፁ እንደ ደረቅ እንጨት ነበር።

ዘሊኻ የፕላስቲክ ትራፊ የምትፍቅበትን ቢላ ከብሩሾቹ መሃል መዘዘች። የኒዳል ክንድ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከአንጓው በላይ ሰካችው። ቢላው አጭር ነው፤ ግን እስከ እጀታው ገባ። ኒዳል እንደ ሕፃን ጮኸ። ደሙ አሥራ ዘጠኙ ላይ ተረጨ።

«ድገመው» አለችው። «እሱን ድጋሚ ንካውና፣ የሚቀጥለው ለአንገትህ ነው።»

ኒዳል ግድግዳው ድረስ ሸሸ። ክንዱን በሸሚዙ ጠቀለለ። ወደ በሩ ሄዶ እጀታውን ከያዘ በኋላ ነው ምላሱ የተፈታለት።

«ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ፊታቸው ካልተስተካከለ ከፖሊስ፣ ከሹርጣ ጋር ነው የምመጣው። የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የላችሁም፣ ሁለታችሁም። አንቺ በአንድ አውሮፕላን፣ እሱ በሌላ።»

በሩን ወርውሮ ወጣ።

---

ምትኩ አላለቀሰም። ጣቶቹ ሌላ ሌላ አቅጣጫ ያያሉ። ዘሊኻ የሚታሰርበት ነገር ፈለገች። አጣች። ሻሿን ከራሷ ፈታች።

ምትኩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፀጉሯን አይቶ አያውቅም። በሻሿ ጣቶቹን ከማንኪያ ጋር ስታስርለት አንድም ጊዜ አልዞረም።

«በግራ እጄ እሞክራለሁ» አለ ለግድግዳው። «ሁለተኛውን ዓይን። አንቺን ከሚወስዱሽ...»

«አጎትህስ?»

«አጎቴ ሞቷል።»

«በግራህ ሸውራራ ነው የምታደርጋቸው። ከኒዳል በምን ተለየህ?»

ሳቀ። አመመውና አቆመ።

«እኔ ልሳለው?» አለች ዘሊኻ።

አሁን ዞረ። ፀጉሯን ረስቶ ዓይኗን ብቻ አያት። «አይሆንም። በእኔ ምክንያት ቂያማሽን አታበላሺ።»

ውጭ ሳይረኑ ጮኸ። ዓርብ ሙሉ ቀን ሰዓት እላፊ ነው፤ ሐኪምም የለም፣ መንገድም የለም። ዘሊኻ የተሰበረውን እጅ አየች፤ እየጠቆረ ነው። ዳሩ ሰማያዊ። ነገ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲሰነብት ቢጫ።

ብድግ አለች።

«ዓይን አልስልም» አለች። «አንተም ለክፉ ሁለተኛ ዓይን አትሰጥም። እሺ። እነዚህ ግን ጦርነት ላይ ናቸው አይደል?»

ዓርብን ሙሉ ሠራች። ለአሥራ ዘጠኙም። ባዶውን ጎድጓዳ በቀይ ሞላችው፣ መሃሉን አጠቆረችው፣ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ጉንጩ ላይ አወረደችው። አንዱን ዓይኑን በጦር አፈሰሰችው፣ አንዱን በጥፍር፣ አንዱን በካውያ። ቁስል ታውቃለች። ፈርዶሳ መብራቱን ያዘችላት፤ ከአሥረኛው በኋላ ግን ማየት አቅቷት ዓይኗን ጨፈነች።

«አንቺ፣ ይሄ ሁሉ እልህ የት ነበር?» አለች እንደጨፈነች።

«እዚሁ።»

ምትኩ አልጋ ጠርዝ ላይ ሆኖ፣ እሷ ትንፋሿን ስትይዝ ይይዝ ነበር።

---

ኒዳል ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን መጣ፤ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል። አንድ በአንድ ወደ መብራቱ አስጠጋቸው። ወደ ዘሊኻ ዞረ።

«ምን ሆነው ነው?»

«እሷ ወግታቸው» አለች ዘሊኻ ባለ ጦሯን ሴት እያሳየች።

ፎቶ አነሳቸው። ለገዢው ላከ። ስልኩ ወዲያው ጮኸ፤ ኒዳል አነበበ፤ ገዢው ወዷቸዋል። ሳጥኑን አቅፎ ተነሳ።

«ሴትየዋስ?»

«አትሸጥም።»

ጠረጴዛውን አየ። ቢላው ታጥቦ ከብሩሾቹ ጋር ተሰልፏል። ሳጥኑን ይዞ ወጣ።

አራት ሰዓት ላይ ሳይረኑ ጮኾ መንገድ ተከፈተ። ዘሊኻ ሌላ ሻሽ አሰረች፣ ሴትየዋን ደረቷ ውስጥ ከተተች፣ ምትኩን በደህና እጁ ይዛ ሆስፒታል ድረስ በእግር ሄደች። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ከእግሯ እስከ ራሷ በፕላስቲክ የተሸፈነች ነርስ ወረቀት አቀበለቻት።

«ከሕመምተኛው ጋር ዘመድ ብቻ ነው የሚገባው። ምኑ ነሽ?»

ምትኩ ዞሮ ፊት ለፊት አያት።

«ሚስቱ» አለች ዘሊኻና ፈረመች።