አለ፣ በእኔ በኩል

ሌላዋ ሴት መወደዷን የምትሰማው ከራሱ ከሰውየው አፍ ነው። እኔ የሰማሁት ከኮሚቴ ነው። ያውም አምስት ሰው በተሰበሰበበት፣ ቃለ ጉባኤ እየተያዘ! እስቲ አሁን ይሄ ለሰው ይወራል?

ይወራል፤ ይኸው ላወራው ነው።

ቢሊሴ እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ግንባታ ዕቃዎች ጥንካሬ አስተምራለሁ። ባለፈው ጥር አለቃዬ ዶክተር ገብረዋሕድ ቢሮው ጠራኝና «ከእንግዲህ ሰሌዳ ላይ ብቻ መፈላሰፍ ቀረ፤ ፋብሪካ ትወርጃለሽ» አለኝ። ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካ አብረው እንዲሠሩ የሚደግፍ አዲስ ፈንድ ተቋቁሞ ነበር። ፋብሪካው ችግሩን ይዞ ይመጣል፣ ዩኒቨርሲቲው ባለሙያ ይመድባል፣ ወጪውን ፈንዱና ፋብሪካው ይጋሩታል። የመጀመሪያው ስድስት ወር ሙከራ ነው። ውጤቱ ካማረ ሥራው ለሁለት ዓመት ይቀጥላል፤ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ላብራቶሪ ይከፈታል፣ ተማሪዎቻችን እዚያ ይለማመዳሉ፣ ከፋብሪካውም አንድ ሠራተኛ ዲግሪውን በነጻ ይማራል።

ለእኔ የደረሰኝ ለሚ ኩራ ያለ የብሎኬት ፋብሪካ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ወይዘሮ ሙሉነሽ በሩ ላይ ተቀበሉኝና፣ ሻይ እንኳ ሳይሉኝ፣ በቀጥታ ወደ ስብርባሪ ክምር ወሰዱኝ።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ከመቶው አሥራ ስምንቱ እንዲህ ይሆንብኛል። መድኃኒቱን ፈልጊልኝ፤ ቀሪውን ደግሞ ከፎርማኑ ከሊባኖስ ጋር ተነጋገሩ።»

ሊባኖስ ሚክሰሩ አጠገብ ቆሟል። ዘለግ ያለ፣ ቅንድቡ በሲሚንቶ የነጣ ልጅ ነው።

«ውሃው ስንት ሊትር ነው?» አልኩት።

«እስኪበቃው።»

«እስኪበቃው ማለት ስንት ነው?»

ከሚክሰሩ አንድ እፍኝ ድብልቅ ዘገነና ጨብጦ መዳፉን ከፈተልኝ። ጭብጡ ሳይፈርስ ቆመ። «ይሄን ያህል ነው፣ መምህር። እርስዎም ይሞክሩት።»

«እርስዎ አትበለኝ፤ የእናትህ እኩያ ነኝ እንዴ?»

«እሺ። ሞክሪው።»

ሞከርኩት። እጄ ላይ ፍርስርሱ ወጣ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ እንዲያውም ዞር ብሎ ዝም አሰኛቸው። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ።

«በጭብጥ የሚሠራ ፋብሪካ ቢሰበርበት ምን ይገርማል!» ብዬ ጮህኩ። አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሄደው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭብጡን ስለካ ሰነበትኩ። እሱ ይጨብጣል፣ እኔ በከረጢት ወስጄ አደርቀዋለሁ፣ ውሃውን እመዝናለሁ። አርባ ጭብጥ መዘንኩ። አርባውም ያው ነው! እኔ በመሣሪያ የማገኘውን ልጁ በመዳፉ ያገኘዋል። ምን ላድርግ፣ ሄጄ ነገርኩት።

«እጅህ ልክ ነው። ጥፋቱ ውሃው ላይ አይደለም።»

«ይቅርታ እየጠየቅሽኝ ነው?»

«ውጤት እየነገርኩህ ነው።»

«ውጤቱን ተቀብያለሁ» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ወይ አሳሳቅ! እኔ ደግሞ ደብተሬን ገልብጬ ይዤ የማነብ መሰልኩ።

ከዚያ ወዲህ ምሳ አብረን መብላት ጀመርን። ማታ ማታ እስከ ጎሮ በአንድ ሚኒባስ እንሄዳለን፤ እሱ እዚያ ይወርዳል፣ እኔ ወደ ቦሌ አራብሳ እቀጥላለሁ። አባቱ ሲሞት ቴክኒክና ሙያውን ጨርሶ ዲግሪውን ሳይጀምር እንደቀረ፣ እህቱን እሱ እንዳስተማራት የነገረኝ በሚኒባስ ውስጥ ነው። የማስተምርበትን ጽሑፍ እንዳውሰው ጠየቀኝ። በሳምንቱ ሲመልስልኝ ገጽ አርባ ሁለት ላይ የተሳሳተች ቁጥር አርሞልኛል። አራት ዓመት ሳስተምርባት አንድም ተማሪ አላየልኝም ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ የሥራ ጓንት አመጣልኝ። የፋብሪካው ጓንት ለወንድ የተሠራ ስለሆነ ጣቶቼ ውስጡ ይዋኛሉ። በልኬ የሚሆን ፍለጋ ሁለት እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መርካቶ መዞሩን የነገሩኝ ወይዘሮ ሙሉነሽ ናቸው። እሱማ «ዕቃ ክፍል ተገኘ» ብሎኝ ነበር። ያን ቀን በሚኒባሱ ጎሮ ሲደርስ ረዳቱ ሁለቴ ጠርቶት ነው የወረደው።

የስብራቱ ምክንያት የተገኘው በሚያዝያ ነው። እያንዳንዱን ብሎኬት የተሠራበትን ቀን በጠመኔ ጻፍንበትና ጠበቅን። የሰኞው ደህና፣ የማክሰኞው ደህና። ከሚሰበረው አብዛኛው የቅዳሜው ነው።

ሊባኖስ ክምሩ ፊት ቁጭ አለ። «እሁድ» አለ ቀስ ብሎ። «አዲስ ብሎኬት በየቀኑ ውሃ ይጠጣል። እሁድ ግን ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ነን። የቅዳሜው እንደጠማው ፀሐይ ላይ ይውላል። ስምንት ዓመት እዚህ ስሠራ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም!»

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት የረጠበ ጆንያና ላስቲክ አልብሰነው መሄድ ጀመርን። በግንቦት መጨረሻ ከመቶ የሚሰበረው አራት ብቻ ሆነ። ወይዘሮ ሙሉነሽ እልልታቸውን አቀለጡት። ሊባኖስ በደስታ እጄን ያዘ። እልልታው አለቀ፣ ሠራተኞቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፣ እጄ ግን አልተለቀቀም። እኔም ልቀቀኝ አላልኩም።

እንዲህ እያለን ነው ለሁለት ዓመቱ የሚሞላው ቅጽ የመጣው። እኔ በዩኒቨርሲቲው በኩል፣ እሱ በፋብሪካው በኩል፣ ለየብቻችን ሞላን። ለነጻ ትምህርቱም ፋብሪካው ያጨው እሱን ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ «በዩኒቨርሲቲው ባለሙያና በፋብሪካው ተወካይ መካከል የሥጋ ዝምድና ወይም የቅርብ ግንኙነት አለ ወይ?» ይላል። ትንሽ አሰብኩ። ልጁ አንድ ቃል አልነገረኝም፤ ምን ብዬ ልጻፍ? «የለም» ብዬ ፈረምኩ።

በሳምንቱ ከዶክተር ገብረዋሕድ ጋር ቦሌ ወዳለው የፈንዱ ቢሮ፣ ኮሚቴ ፊት ተጠራን። የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ ሣባ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«በሁለቱ ቅጾች መካከል ልዩነት አለ። ስለ ግንኙነት ለተጠየቀው መምህርት ቢሊሴ ‹የለም› ብለዋል። አቶ ሊባኖስ ደግሞ እንዲህ ብለዋል፤ ‹አለ፣ በእኔ በኩል። በእሷ በኩል ጠይቄ አላውቅም።›»

ዶክተር ገብረዋሕድ ሳል ያዘው። ጆሮዬ ጋለ። ሊባኖስን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቶ ጠረጴዛውን ያያል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

ሰብሳቢው ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «እስከ ዓርብ ተነጋገሩና አንድ መልስ ይዛችሁ ኑ» አሉ። «መልሱ ‹የለም› ከሆነ ሥራው እንዳለ ይቀጥላል። ‹አለ› ከሆነ ግን ልኬቱን ሌላ ባለሙያ ይደግመዋል። መምህርቷ የሁለት ዓመቱ አስተባባሪ መሆን አይችሉም። አቶ ሊባኖስም ለነጻ ትምህርቱ በእሳቸው ድጋፍ አይገቡም፤ ከማያውቋቸው ሰዎች ፊት ቀርበው ይፈተናሉ።»

አስተባባሪነቱን ምን ያህል እንደምመኘው እኔ ነኝ የማውቀው። የላብራቶሪው መስኮት በየት በኩል እንደሚሆን እንኳ መርጬ ጨርሻለሁ። ለሊባኖስ ደግሞ ያ ትምህርት የስምንት ዓመት ሕልሙ ነው። ከቢሮው ስንወጣ ሳላናግረው ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ አልጣሽ ልብስ እያሰጣች ነበር። «ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

«ልጁ ዋሽቷል?»

«አልዋሸም።»

«አንቺስ?»

ከባልዲው አንድ ልብስ አንስቼ መጭመቅ ጀመርኩ።

«ታዲያ እሱ ምን አጠፋ?»

«ለእኔ ሳይነግር ለኮሚቴ መናገሩ ነዋ!»

እናቴ ያጠበችውን ሸሚዝ እንደያዘች ሳቋን ለቀቀችው። «አይ ልጄ! ንዴትሽ ታዲያ ለምን ተናገረ አይደለም፤ ለምን ዘገየ ነው» አለችና ሸሚዙን ሰቀለች። እናት እኮ እንዲህ ናት፤ ከመልስሽ ውስጥ ያላልሽውን ታወጣዋለች።

በማግስቱ ፋብሪካ ሄድኩ። ሊባኖስ ሲያየኝ ሚክሰሩን አጠፋና ወደ እኔ መጣ።

«ነገ ሄጄ ‹የለም› ብዬ እፈርማለሁ» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ። «በእኔ ምክንያት ሥራሽን አታጪም።»

«ውሸት ነው አይደል?»

«አዎ፣ ውሸት ነው።»

«ታዲያ መጀመሪያ ለምን ጻፍከው?»

«ከሥሩ ‹እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ› ይላል። ልኬት ስንመዘግብ የማላውቀውን እንዳልሞላ፣ የማውቀውን እንዳልደብቅ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሦስት ጊዜ ‹የለም› ልል ሞክሬ አቃተኝ።»

«ለእኔስ? ለእኔ ለምን አልነገርከኝም ሊባኖስ?»

ሠራተኞቹ ብሎኬት የሚያነሱ መስለው ጆሯቸውን ጥለውብናል።

«የትምህርቱን ድጋፍ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ» አለ በመጨረሻ። «ብነግርሽ ለትምህርቱ ሲል ነው እንዳትይኝ ፈራሁ። ከሰው ሁሉ አንቺ እንደዚያ ካሰብሽ አልችለውም።»

ያን ጊዜ ንዴቴ ሁሉ ወዴት እንደገባ አላውቅም። እወደዋለሁ። ያንን ቅንድቡን በሲሚንቶ ያነጣ ልጅ እወደዋለሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ግን የድጋፉ ፊርማ በእጄ እያለ እዚያው ብነግረው ያ ፍርሃቱ እንደማይለቀው ገባኝ።

«ዓርብ ሦስት ሰዓት ቦሌ እንገናኝ» አልኩት። «ቅጽህን እንዳትነካው።»

ዓርብ ዕለት አዲሱን ቅጼን ለወይዘሮ ሣባ ሰጠሁ። እሳቸውም ጮክ ብለው አነበቡት፤ «‹አለ፣ በእኔም በኩል።›» ሊባኖስ ከወንበሩ ብድግ አለና፣ ለምን እንደተነሳ ስለጠፋው ተመልሶ ተቀመጠ።

«ግንኙነቱ የተጀመረበት ቀን?» አሉ ወይዘሮ ሣባ፣ እስክሪብቷቸውን ደቅነው።

«ከየካቲት» አለ ሊባኖስ።

«ከጓንቱ... ከመጋቢት» አልኩ እኔ።

«ይሄም አይመሳሰልም» አሉ ሴትዮዋ፣ ምርር ብሏቸው። ሰብሳቢው በሳቅ ፈረሱ። «በየራሳቸው ይጻፉላቸው» ብለው ውሳኔውን ፈረሙ።

ደረጃው ላይ ሊባኖስ ክንዴን ያዘኝ። «አስተባባሪነቱን ተውሽው» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «እኔ ግን ዛሬ ምንም አልጠይቅሽም። መጀመሪያ ያለ አንቺ ፊርማ ልግባ።»

«እጠብቅሃለሁ» አልኩት።

ልኬቱን ሌላ ባለሙያ ደገመው፤ ውጤቱም ልክ ሆኖ ተገኘ። አስተባባሪነቱ ለባልደረባዬ ለፊራኦል ተሰጠ። አንድ ከሰዓት ሙሉ አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና ክፍሌ ገብቼ አስተማርኩ።

ሊባኖስ በነሐሴ ተፈተነ። ከሃያ ሦስት ሰው ሁለተኛ ወጣ። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ዩኒቨርሲቲው በር ላይ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣ እየሮጠ መጣና ፊቴ ቆመ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅኩት።

«ቢሊሴ፣ አለፍኩ! ከእንግዲህ ለእኔ የምትፈርሚልኝ ምንም ነገር የለም። ስለዚህ አሁን እነግርሻለሁ። እወድሻለሁ። ታገቢኛለሽ?»

አፌ፣ ያ ሁልጊዜ የሚቀድመኝ አፌ፣ በዚህ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ። ሊባኖስ ደነገጠ። ፊቱ ላይ ያለውን የዝናብ ጠብታ በመዳፌ ጠረግኩለት።

«አንድ ፊርማ ይቀረኛል» አልኩት። «እሱንም ብቻዬን አልፈርመውም። ወደ አባዬ ሽማግሌ ላክና አብረን እንፈርማለን።»