ኮሪን ያልፈረመችው ፊርማ

አታምኑኝም። እኔም ብሆን ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው አላምንም ነበር። ግን በእኔው ላይ የደረሰ ነው።

አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ ዕቃ አመላላሽ ነኝ። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ።

ካርቶኑ ትንሽ ነበር። ሌባ እንዳይጎመጅ፣ ምን እንደያዘ ላዩ ላይ አይጻፍም፤ ደንቡ ነው። እኔ ግን አውቅ ነበር...

የደንበኛዬ የሽማግሌው የኦርቪል ሽጉጥ ነው።

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ መኖር አስጠልቷቸው ነበር። ልጃቸው ኮሪን ክረምቱ እስኪያልፍ ሽጉጡን ከቤት ልታርቀው ፈለገች። "ምላጩ ላልቷል" ብላ አሳመነቻቸውና ወደ ጠጋኝ አስላከችው። ጠጋኙ ግን ፈጠነ። የተጠገነ ሽጉጥ ደግሞ በሕጉ ቀጥታ ወደ ባለቤቱ ቤት ይመለሳል።

ኮሪን ከሳምንት በፊት መንገድ ላይ አስቁማ ይህን ሁሉ ነግራኝ ነበር።

"ለእኔ ብቻ ስጠኝ፣ እሺ? ከሌለሁ መልሰው።"

"ያለ አዋቂ ሰው ፊርማ አንሰጥም፤ ይህን ደግሞ ያለ አንቺ ፊርማ አልሰጥም። አይዞሽ!" አልኳት። አፌማ ጎበዝ ነው።

ያን ማክሰኞ የቤታቸውን ደወል ደወልኩ። የሚከፍት የለም።

በረዶ እየመጣ ነው። አርባ ዕቃ ይቀረኛል። እኛ ሾፌሮች ደግሞ ስንቸኩል የምናደርጋት ነገር አለች... መፈረሚያው ላይ "ኮሪን" ብዬ ሞነጫጨርኩና ካርቶኑን በረንዳው ላይ ትቼ ሄድኩ።

ሽማግሌው ውስጥ ተኝተው ነበር።

ኮሪን ከሥራ ስትመለስ ካርቶኑ ተከፍቶ፣ አባቷም ሞተው አገኘቻቸው።

የማስረከቢያ መዝገቡ "ኮሪን ተቀብላለች" ይላል። ቀብሩ ላይ ወንድሟ "ፈርመሽ ገደልሽው" ሲላት አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ዝም አልኩ። እንጀራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ በሥራ መኪናዬ ቤቷ ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ...

በሩን ከፈተችልኝ። በጣም ከስታለች።

"ኮሪን... አንቺ አልፈረምሽም። እኔ ነኝ የፈረምኩልሽ። ለወንድምሽም እነግረዋለሁ።"

ፈገግ አለች።

"አትዋሽልኝ። ፈርሜያለሁ።"

"ሥራ ላይ ነበርሽ እኮ!"

"እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ትዝ አለኝ... በጣም ይበርድ ነበር። ጓንቴን አውልቄ ፈረምኩ።"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

"አንተማ ከመኪናው አልወረድክም" አለችኝ። "ያመጣልኝ ሌላው ነው።"

"ሌላው ማን?"

"አብሮህ የነበረው። 'ቶሎ ፈርሚ፣ በረዶ እየመጣ ነው' አለኝ። ድምፁ ልክ እንዳንተ ነው። እጄን ይዞ ነው ያስፈረመኝ..."

"እኔ ብቻዬን ነው የምሠራው!"

ትከሻዬን አሻግራ አየች። ከዚያ በሹክሹክታ...

"ታዲያ ዛሬስ ለምን ይዘኸው መጣህ?"

ዞርኩ።

የመኪናውን በር ክፍት ትቼው ነበር የወረድኩት። ውስጡ ማንም የለም። ሁልጊዜ ታጥፎ የሚቆመው የረዳት ወንበር ግን ተዘርግቷል...

ቀበቶው ታስሯል። ሰው እንደታሰረበት ሁሉ፣ ከወንበሩ ራቅ ብሎ አየር ላይ ተወጥሯል።

አጠገቤ ኮሪን ቀስ ብላ እጇን አነሳችና ሰላም አለችው።