ከቁጥር የወጡት አርባ አንድ ሴቶች

ፕሮፌሰሩ በመካንነት ሕክምና ማዕከሉ የማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ፅንስ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከሚቀመጥባቸው ጋኖች የአንዱ መሙያ ቱቦ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ከፈሳሹ የሚተነው ጋዝ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አየሩን ያባርርና ሰውን ሳያስለው ይገድላል።

መርማሪዋ አስከሬኑ ተሸፍኖ እንደወጣ የሟቹን ቢሮ አሸገች። ከዚያም አስከሬኑን መጀመሪያ ያገኘችውን የላብራቶሪ ባለሙያ ለጥያቄ አስቀመጠች።

«በሩን እንዴት ከፈቱት?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ። መወርወሪያውን ስቤ ገባሁ።»

«በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ስወጣ። ቢሯቸው ሆነው፣ መነጽራቸውን አድርገው ያነቡ ነበር።» ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። «ሰላማቸውን የነሳኋቸው እኔ ነኝ። በቀደም የድሮውን የጥናት መዝገብ አግኝቼ አሳየኋቸው። ከታተመው ጋር አይገጥምም።»

መርማሪዋ የትኛው ጥናት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ፕሮፌሰሩ ስመ ጥር የሆኑበት፣ ማህፀን ፅንስ እንዲይዝ በመርፌ አስቀድሞ ስለማዘጋጀት የጻፉት ነው። በአራት ሺህ ሌሎች ጥናቶች ተጠቅሷል፤ በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች መርፌውን የሚያዙት ያንን አምነው ነው።

የሟቹ ባለቤት በታካሚዎች መጠበቂያ ወንበር ላይ ኩርምት ብለው ነበር።

«ትናንት ጠዋት ተጣላን» አሉ። «ጽሑፌን እሽራለሁ አለኝ። እኔም እግሩ ላይ ወድቄ ‹በስተርጅና አታዋርደኝ› አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ሆነ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!»

የሟቹ ምክትል የሆነው ዶክተር የደረሰው አስከሬኑ ከሄደ በኋላ ነው። የፕሮፌሰሩ ተማሪ የነበረ፣ በሚቀጥለው ወር የማዕከሉን ኃላፊነት ሊረከብ የታጨ ሰው ነው።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቼ ገና አሁን በስልክ መስማቴ ነው» አለ እየተንገሸገሸ። «ስንቴ ብቻዎን አይግቡ ብያቸው! ጭራሽ ያለ መነጽር ገብተው ቱቦውን የት ያዩታል?»

መርማሪዋ ያለውን በማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ወደታሸገው ቢሮ ገብታ ብዙ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሰዎች የፕሮፌሰሩ ሽልማቶች በተሰቀሉበት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። እርስ በርስ ላለመተያየት ሁሉም ጠረጴዛውን ያዩ ነበር።

«መወርወሪያው ከውጭ ነው» ብላ ጀመረች። «ዛሬ ጠዋት ተዘግቶ ነበር። የሞተ ሰው ከውስጥ ሆኖ ከውጭ አይቆልፍም። ስለዚህ አደጋ አይደለም።»

«ውይ በሞትኩት!» አለች ባለሙያዋ። «በገዛ እጄ ስቤ፣ ልብ ሳልለው!»

«መነጽራቸው ደግሞ የታሸገው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። አጣድፎ የጠራቸው ሰው አለ ማለት ነው። አስከሬኑን ያገኙት እርስዎ ያለ መነጽር መግባታቸውን ለማን ነግረዋል?»

«ለማንም! መነጽሩ ትዝም አላለኝ።»

«እንግዲህ ዶክተር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መነጽራቸውን አድርገው ነበር። እርስዎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቻለሁ ብለዋል፤ አስከሬኑንም አላዩም። ማን ነገርዎት?»

ዶክተሩ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ።

መርማሪዋ ከመነጽሩ ሥር ያገኘችውን ደብዳቤ አነበበች። ‹ለመጽሔቱ አዘጋጅ። መርፌው ያልሠራላቸው አርባ አንድ ሴቶች ከስሌቱ ወጥተዋል። ያወጣቸው መረጃውን ያጠናቀረው ተማሪዬ ነው። እኔ ሳልመረምር ፈርሜ ስድስት ዓመት ተጨበጨበልኝ። አፍሬአለሁ። ጽሑፉ ይሻር።›

«ተማሪው እርስዎ ነዎት» አለች።

«ለመንኳቸው» አለ ዶክተሩ። «እምቢ አሉኝ። ቱቦውን ከፍቼ ‹ፅንሶቹ ሊያልቁ ነው፣ ይድረሱ!› አልኳቸው። ሮጠው ሲገቡ መወርወሪያውን ዘጋሁት። አርባ አንድ ቁጥር እኮ ነው! እነማን እንደሆኑ እንኳ ማን ያውቃል?»

ባለሙያዋ ብድግ አለች።

«ሠላሳ ሰባተኛዋ እኔ ነኝ።»

ጠረጴዛውን ዞራ ዶክተሩ ፊት ቆመች።

«ሰው እንዳይሰማብኝ እዚሁ ተደብቄ ታከምኩ። ‹ለሁሉም ሲይዝ እምቢ ያለው ያንቺ ማህፀን ነው› ያልከኝ አንተ ነህ። ስድስት ዓመት ሙሉ ባሌን ቀና ብዬ ሳላየው ኖርኩ።»

ዶክተሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፖሊሶቹ ሲያስነሡትም አልገለጠውም።

አዳራሹ ጭር ሲል የሟቹ ባለቤት ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው አነበቡና አጥፈው ለመርማሪዋ መለሱ።

«ይላክ» አሉ። «ስሙም ይውረድ፣ እኔም ልፈር፤ ብቻ ይላክ።» ወደ ባለሙያዋ ዞረው እጇን ያዙ። «ልጄ፣ የሌሎቹ ሴቶች ስልክ መዝገቡ ላይ አለ?»

«አለ።»

«በይ ቁጭ በይና አብረን እንንገራቸው። ከማን እንጀምር?»

ባለሙያዋ ስልኳን አወጣች።

«መጀመሪያ ለባሌ ልደውል» አለች።