ትሪር ላይ የተጠራው ስም

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የባቡር ኤሌክትሪክ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሌላው ሲያማትብ እኔ ፊውዝ ነው የምፈልገው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «የማታየው ሰው ስምህን ቢጠራህ፣ ሦስቴ ሳይጠራህ አቤት እንዳትል፣ ይወስድሃል» ስትለኝ እስቅባት ነበር። ሰሞኑን የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼ «እዚህ ጀርመን፣ ትሪር ከተማ ያለውን የሮማውያን አምፊቲያትር ሄዶ ማየቱ ያዋጣል?» እያሉ ስለጠየቁኝ ነው የማወራህ፣ ሰምተህ አንተው ፍረድ።

ባለፈው ግንቦት ነው። ባለቤቴ አስካለ ሆዷን ሲያማት ከርሞ ተመርምራ፣ ውጤቱ ሰኞ ሊነገራት ነበር፣ ቤት ተቀምጦ ሰኞን ከመጠበቅ ብለን ቅዳሜ ከኖርድቬስትሽታት ሰፈር ጡረተኞች ጋር በአውቶቡስ ሄድን። እውነቱን ልንገርህ፣ ስናየው ተናደድን፤ ያን ያህል ተጉዘህ የምታገኘው ሣር የበቀለበት ትልቅ ጉድጓድ ነው።

«ሣር ለማየት ነው የመጣነው? እኛው ጋ ጊንሃይም ሣር መቼ ጠፋ?» አለች አስካለ።

አስጎብኚዋ ግን መሐል ሜዳው ላይ ቆሞ በቀስታ የተናገረ ሰው እላይ ድረስ ይሰማል ስትል አስካለ ደስ አላት፣ «አንተ ውጣ፣ እኔ ልሞክረው» ብላኝ ወረደች።

ወጥቼ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ወደ መውጫው ሄደዋል፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ እመነኝ አንድም ደመና የለም። አስካለ መሐል ቆማ «ዘውዴ፣ ትሰማኛለህ?» ስትል ጆሮዬ ሥር ሆና የተናገረች ያህል ጥርት ብሎ መጣ። ከዚያ ወፎቹ ዝም አሉ። ከእግሯ ሥር፣ ድሮ አራዊቱን ያቆዩበት ነበር ከሚሉት ምድር ቤት፣ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ሲል ሰማሁ፤ ቀጥሎ አንድ ድምፅ፣ የወንድ ይሁን የሴት እስከ ዛሬ አልለየሁትም፣ ረጋ ብሎ «ድንቡሼ» አለ።

ድንቡሼ የአስካለ የልጅነት ስም ነው፣ እናቷ ብቻ ነበሩ እንዲያ የሚጠሯት፣ እሳቸውም ካረፉ ሃያ ዓመት አልፏል። እዚህ አገር ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም፣ እኔም አንድ ቀን ጠርቼበት አላውቅም። እሷ ደግሞ ጨዋ ቤት ያደገች ናት፣ ተጠርታ ዝም ማለት አይሆንላትም።

«አቤት» አለች።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ጠራኸኝ እንዴ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ አትጠይቀኝ፣ ፊቷን ብታየው አንተም ትዋሽ ነበር።

ሰኞ ሐኪሙ በቀዶ ጥገናም በመድኃኒትም የሚሆን ነገር እንደሌለ ነገረን። ሃምቡርግ ያለችው ልጃችን ስልክ ላይ በጀርመንኛ እያለቀሰች ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እንያዝ ስትል፣ እናቷ «ተይ ልጄ፣ ቀጠሮዬማ፣ ቴርሚኔማ ተይዟል» አለቻት። ለእኔ ግን ማታ ማታ «ትሪር የጠራኸኝ አንተ ነህ አይደል?» ትለኛለች፣ እኔም አዎ እላለሁ። ተስፋ የሚባለው ነገር እንኳ ከቤታችን ወጥቷል፣ ውሸቴ ብቻ ነው የቀረው።

ትናንት ከምሳ በኋላ እሷ መኝታ ቤት ተኝታለች፣ እኔ ሳህን አጥባለሁ። ስምንተኛ ፎቅ ነን፣ መስኮቱ ዝግ ነው። ያ ጠብታ ተሰማኝ። ቧንቧውን አጥብቄ ዘጋሁት፣ አልቆመም። ቀጥሎ ያው ድምፅ ከወለሉ ሥር «ድንቡሼ» አለ።

ፊውዝ ነው የምፈልገው ያልኩህ ሰውዬ፣ የእናቴን ምክር አሳምሬ እያወቅሁ፣ እሷ ሳትሰማ ብዬ ተሽቀዳደምኩ። «አቤት፣ አለሁ» አልኩ። በእሷ ፋንታ እኔን ይውሰደኝ ብዬ ነው፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ጠብታው ቆመ። ፎጣውን እንደያዝኩ መኝታ ቤት ስገባ አስካለ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች።

«አንተ ምን አገባህ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «የተጠራሁት እኔ ነኝ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንግዲህ ሁለቴ ተጠርታለች፣ ሦስተኛው ነው የቀረው።