ግራ እጄ ላይ የተንቋቋው ሽቶ

እኔ እኮ ሰው ጂን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ ሲለኝ «ማታ ምን በልተህ ነበር?» ብዬ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ፊደል ባልቆጥርም ሞኝ አይደለሁም፣ ስለዚህ ይሄን ስነግራችሁ እመኑኝ።

ዓመት ሙሉ አፍንጫዬ አያሸትም ነበር፣ ጉንፋን ይዞኝ ሲለቀኝ ሽታውንም ይዞብኝ ሄደ፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለምን መሰላችሁ፣ ጋዝ ቢያፈስ እንደማይሸተኝ ልጄ ካወቀች ምድጃ አታስነካኝም፣ እሷ ኦበርን የሚሉት ከተማ ሥራ ውላ እስክትመጣ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ነው? ወጥ ሲያር በጆሮዬ፣ ወተት ሲበላሽ በምላሴ እየለየሁ ከረምኩ።

የልጅ ልጄ ሜሮን ልታገባ ነው፣ ለሰርጓ ሽቶ መርጣ መርጣ ሁለት ላይ ቆመች፣ «እማማ፣ ያንቺ አፍንጫ ይወስን» ብላ በጠራራ ፀሐይ፣ የኛው አገር ሶዶ እንዳይመስላችሁ፣ እዚህ ፈረንጆቹ ሶዶ የሚሉት ሰፈር አጠገብ ያለች ትንሽ ሽቶ ቤት ወሰደችኝ። ሁለቱም የእንጨት ሽቶ ናቸው፣ አንዱ የሰንደል፣ አንዱ የጥድ። ፂማሙ ሻጭ ሰንደሉን ቀኝ እጄ ላይ፣ ጥዱን ግራው ላይ ረጨልኝ።

ቀኙን አሸተትኩ፣ ምንም። እንደ አዋቂ ዓይኔን ጨፍኜ «እህህ» አልኩ። ግራውን ሳስጠጋ ሲጢጥ አለ። በሩ ነው ብዬ ዞርኩ፣ በሩ ዝግ ነው። እጄን ሳወርድ ዝም፣ ሳስጠጋ ሲጢጥ፣ ንፋስ የሚገፋው ትልቅ ዛፍ በሉት፣ መጀመሪያ ከጣሪያው፣ ቀጥሎ ከጆሮዬ ሥር፣ ከዚያ ቋ! ብሎ ተሰበረ! «ዞር በይ!» ብዬ ሜሮንን በክርኔ ገፋኋት። የወደቀ ነገር የለም። ሻጩ «አር ዩ ኦኬ?» ይላል።

ያኔ ሽታው ግልብጥ ብሎ መጣ፣ ሰንደሉ፣ የሻጩ ቡና፣ ካርቶኑ፣ ደግሞ ከሜሮን ጃኬት፣

«አንቺ! ሲጋራ ታጨሻለሽ እንዴ?»

«ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ! ቀስ በይ! ለማሚ እንዳትነግሪያት፣ ፕሊስ!»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ፣ እሷ የተቆጣሁ መስሏት ትለማመጠኛለች፣ እኔ በሆዴ እልልታዬን አቀልጠዋለሁ፣ ምድጃዬ ተረፈልኝ! ጥዱ የተረጨበት ግራ እጄ ብቻ አሁንም ምንም አይሸትም። «ሰንደሉን ውሰጂ፣ ሲጋራውን ተይ» አልኳትና እጄን እዚያው በሳሙና ፈትጌ ወጣሁ።

አሁን ሁሉም ይሸተኛል፣ ተመስገን፣ የጎረቤት ቀይ ሽንኩርት ሳይቀር። ባለፈው ግን ባስ ላይ አንዲት ደስ የምትል ሴት አጠገቤ ተቀመጠች፣ የሰዉ ላብ ይሸተኛል፣ የልጆቹ ቺፕስ ይሸተኛል፣ እሷ ግን ምንም፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ስትመልስ፣ ሲጢጥ።

ቋ! ሳይል ብዬ ሦስት ፌርማታ ሲቀረኝ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። እሷን ምን ብዬ፣ በየትኛው እንግሊዝኛዬ ዞር በይ ልበላት?